ዶሮውን ለወንዶቹ የተዉት እናት

የገና ዋዜማ ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡትን እናት አጠገባቸው ያለችው ወጣት ታዋራቸዋለች።

«እማማ፣ በዓሉን ልጆችዎ ጋ ሊውሉ ነው?»

«ኧረ ልጆቹንም አባታቸውንም ቤት ትቻቸው ነው የመጣሁት። እህቴ ጋ ነው የምውለው።»

«ታዲያ ዶሮውን ማን ሊሠራው?»

«እነሱ ናቸዋ! ስወጣ አባትየው ሽንኩርት እየላጠ እንባውን ይጠርግ ነበር።»

«አላሳዘኑዎትም?»

«ምን ያሳዝነኛል! እኔን ሲያገባ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።»

ስልካቸው ጮኸ።

«አቤት ልጄ። አሥራ አንድ ብልት ብቻ ሆነባችሁ? እንግዲህ አሥራ ሁለተኛውን ፈልጉት።»

ዘጉት። ወጣቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ወጡ ቢበላሽስ?»

«ይበላሻ! እኔም የመጀመሪያዬን አሳርሬዋለሁ። ነገ ሜዳ ወጥቼ ገና ሲጫወቱ አያለሁ። ልጅ ሳለሁ ከሜዳው ዳር ማንም አያስነሳኝም ነበር። ካገባሁ ወዲህ ግን ጭፈራውን የምሰማው ከማድ ቤት ሆኜ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤቴ እመለስና ወጡን ቀምሼ፣ እነሱ ሁልጊዜ እንደሚሉኝ፣ ‹ጨው አነሰው› እላቸዋለሁ።»

እኔ ሚስቴ ዶሮውን እንድትሠራበት ገዝቼ ጉልበቴ ላይ ያቀፍኩትን የበርበሬ ፌስታል ቀስ ብዬ ከወንበሩ ሥር ገፋሁት።