ከቁም ሳጥን ያልወጣው አናላይዘር

ክቡራትና ክቡራን፣ ኦቦ ፉፋ፣ ወይዘሮ ሽታዬ፣ ባልደረቦቼ ሁሉ፤

ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለ እኔ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ገለቶማ። የሐዋርያትን ጾም ለያዝነው ለብቻ ማሰናዳታችሁን አይቻለሁ፤ ለእሱም እግዜር ይስጥልኝ። ካባውም ልክ ነው። ካባ ለብሼ ስለማላውቅ ትንሽ አፍኖኛል፣ እሱን ቻሉኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ፉፋ ቅድም ስለ እኔ ሲናገሩ «ገብረአማኑኤል በሃያ አንድ ዓመት አገልግሎቱ አንድም የተሳሳተ ሪፖርት አልላከም» አሉ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኔ ላይ መለስኩት። ምግቡ ምንም አልሆነም፣ ወጥ ቤቶቹ እንዳይቀየሙኝ። ያስጠላኝ ጭብጨባው ነው።

አሳጥር ተብያለሁ። አላሳጥርም። ከሰኞ ጀምሮ የምትቆጡት ሠራተኛ አይደለሁም።

ቁጡ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። በ1984 ድርጅቱ ሲቀጥረኝ እዚሁ አምቦ ገበያ ዳር ሬዲዮ እጠግን ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ሳይከፍት «ደህና ነው» አይልም። ካለ ባለቤቱ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣና ሰው ፊት ያዋርደዋል። ሳይከፍቱ ደህና ነው ማለትን የተማርኩት እዚህ ነው። ከእናንተ ጋር ተምሬ፣ ከእናንተ ጋር ጎበዝ ሆንኩበት።

ለእንግዶቻችን ላስረዳ። የእኛ ሥራ የፋይበር መስመር መጠገን ነው። ከአምቦ ወደ ሸነን የሚወርደው መስመር ጸጉር የሚያህል የመስታወት ክር ነው። በዚያች ክር ውስጥ ስምንት ዓይነት ብርሃን አብሮ ይሄዳል። ሰባተኛው የሸነን ነው፤ የቀሩት ሸነንን አልፈው ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ። በዓይን ብታዩት ምንም አይታያችሁም። ስለዚህ በ2001 አንድ መሣሪያ ተገዛልን። ሙሉ ስሙ ኦፕቲካል ስፔክትረም አናላይዘር ነው፣ እኛ አናላይዘሩ እንለዋለን። ገመዱን ሰክታችሁ ስታበሩት ስምንቱን ብርሃን ለያይቶ ስምንት ቀጥ ያሉ መስመሮች አድርጎ ያሳያችኋል። የትኛው ደክሟል፣ የትኛው ከቦታው ሸሽቷል፣ ሁሉንም ይናገራል።

ተንቀሳቃሽ ነው ተባለ። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ አለው፣ ባትሪ አለው፣ ዝናብ የሚከላከል ሽፋን አለው። የት የት ተንቀሳቀሰ? ከወይዘሮ ሽታዬ ቁም ሳጥን ወደ ስብሰባ ጠረጴዛ፣ ከስብሰባ ጠረጴዛ ወደ ቁም ሳጥን። ጎብኚ ሲመጣ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይገባል። የስክሪኑ ላስቲክ እንኳን አልተላጠም ነበር።

ወይዘሮ ሽታዬ አይቆጡኝ፣ የንብረት ክፍል ነዎት፣ ሥራዎ ነው። አንድ ቀን ላወጣው መጥቼ «ፈርመህ ውሰድ፤ ከወደቀብህ ግን ገብረአማኑኤል የሚባል ሰው አላውቅም» አላሉኝም? እኔስ ምን አደረግኩ? እስክሪብቶውን ኪሴ መልሼ ወጣሁ። እናንተም ተራ በተራ እንደዚሁ ወጣችሁ። መንገድ ላይ ቢሰበርብን ከሚል ፍርሃት አንድ ሰው አልፈረመም።

በየሦስት ወሩ ግን ፎርም ይሞላል። ስምንት ሳጥን፣ ስምንት ቁጥር። ከየት አመጣነው? መሣሪያው የመጣ ዕለት አሠልጣኙ በዚህ አዳራሽ ለክቶ ያሳየን ስምንት ቁጥር ነበር። እሱን ገለበጥን። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ከግልባጩ ገለበጥን። እንዲህ እያልን አራት ዓመት ሄድን። አንድ ጊዜ ሰልችቶኝ የመጨረሻዋን አሃዝ ከሦስት ወደ አራት ቀየርኳት። ወዲያው ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦ «የመስመሩ ሁኔታ ስለተለወጠ በአስቸኳይ ማብራሪያ ይሰጥ»። ወደ ሦስት መለስኳት፣ የምስጋና ደብዳቤ ጻፉልን። እዚያ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው እሱ ነው።

ሳቁ፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ።

አሁን ወደማይስቀው ልምጣ። ኤጄታን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሸነን ተወልዶ ያደገ፣ ፋይበር የሚበይድ ሰው ነው። እንደ እሱ ንጹሕ እጅ ያለው ሰው በዚህ ሙያ አላየሁም። አንድ ክረምት መንገድ ዳር የተበጠሰ መስመር ሲቀጥል ጃኬቱን አውልቆ መጋጠሚያው ላይ ዘረጋው፣ ራሱ እስከ አጥንቱ በሰበሰ። «ኧረ ልበስ፣ ትታመማለህ» ስለው «እኔ እደርቃለሁ ጋሼ፤ መስታወቱ ውስጥ ውሃ ከገባ ግን አይወጣም» አለኝ።

አምና፣ በ2004፣ የሸነን መስመር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መውደቅ ጀመረ። ጠዋት ደህና ነው፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ የለም። ኤጄታን ላክነው። መጋጠሚያውን ከፍቶ እንደገና በየደው። ወደቀ። ሁለተኛ ከፈተው፣ ሦስተኛ ከፈተው። እጁ ላይ ምንም ጥፋት አላገኘም፣ መስመሩ ግን ይወድቃል። በመጨረሻ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ሰው ነበርን፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ኮሚቴው መጀመሪያ የጠየቀው «የብርሃኑ ልኬት እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ፎርሙን አቀረብኩ። ስምንቱም ደህና፣ ከነፊርማዬ። ኤጄታ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ ነበር። አየኝና «ጋሼ፣ መሣሪያውን አውጥተው ለክተውታል?» አለኝ።

ምን ብዬ መለስኩለት መሰላችሁ? «ፈርሜያለሁ አይደል?» አልኩት።

ሰው አፍ ውስጥ ይህን የመሰለ ቆሻሻ መልስ ይገባል? ከእኔ አፍ ወጣ። እሱ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። «ዋቀቱ ቤካ» ብሎ፣ እግዜር ያውቃል ማለቱ ነው፣ ወጣ። ብርሃኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የእጅ ነው ብለን ወሰንን። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ የመበየጃ መሣሪያውን አስረከበ፣ ለአንድ ዓመት ወደ ጥበቃ ተዛወረ። ዛሬ ስትገቡ በሩን የከፈተላችሁ እሱ ነው። አብዛኞቻችሁ ቀና ብላችሁ አላያችሁትም፤ እኔ ቆሜ አይቻችኋለሁ።

እሱ ከተነሳ በኋላስ መስመሩ ተሻለ? አልተሻለም። «ኤጄታ አበላሽቶት ሄደ» ተባለና ዝም ተባለ። ሸነን ያሉ ሰዎች ጉዳያቸውን ከምሳ በፊት መጨረስ ለመዱ።

ባለፈው ግንቦት ንብረት አስረክብ ተባልኩ። ጡረታ የሚወጣ ሰው ክሊራንስ ያስፈልገዋል፣ አናላይዘሩ ደግሞ በክፍሌ ስም የተመዘገበ ነው። ወይዘሮ ሽታዬ «መሥራቱን ሳላይ አልረከብም» አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ በአራት ዓመት ውስጥ መሣሪያው እንዲበራ የጠየቁ ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው። ላስቲኩን ላጥኩ፣ አበራሁት፣ የሸነን መስመር ላይ ሰካሁት። ጠዋት ስምንቱም ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ከምሳ መልስ ሳየው ሰባተኛው ከቦታው ሸሽቷል። የቀሩት ንቅንቅ አላሉም።

ይህ ምን ማለት ነው? መጋጠሚያው ቢበላሽ ስምንቱም አብረው ይዳከሙ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ክር ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ብርሃኑ ወደሚላክበት ሄድኩ፤ እዚሁ እኛ በምንጠብቀው የማሰራጫ ክፍል የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ቆሟል። ከሰዓት ክፍሉ ይግላል፣ ሰባተኛውን ብርሃን የሚልከው ካርድ ሙቀቱን አይችልም። ይኸው ነው። እንዲያውም ይህን ለማወቅ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር? የሌሎቹ ከተሞች መስመር በኤጄታ እጅ በተበየደው መጋጠሚያ እያለፈ አንድ ቀን እንኳን አልወደቀም። ማናችን ጠየቅን?

ገና አላለቀም። የመሣሪያውን ማኅደር ስከፍት አንድ ፋይል ብቻ አገኘሁ፣ የሥልጠናው ዕለት የተለካውን። ስምንቱ ቁጥሮቻችን እዚያ አሉ። ፋይሉ ላይ «ናሙና» የሚል ተጽፎበታል። አሠልጣኙ ያን ዕለት የለካው ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የማሳያ ሳጥን ነበር፤ ማታውኑ ይዞት ተመልሷል። የሸነን መስመር ነው እያልን አራት ዓመት ጤንነቱን ስንመሰክር የኖርነው ለአንድ ሳጥን ነው። ሰው የተቀጣው በዚያ ነው። ይህን ያየሁ ቀን እጄን ታጠብኩ፤ ሦስት ጊዜ ታጥቤም አስጠላኝ።

ኦቦ ፉፋ ዘንድ ሄድኩ። ለእውነቱ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማራገቢያውን አስቀየሩ፤ ሸነን ከዚያ ቀን ወዲህ አልወደቀም። «ኤጄታስ?» አልኳቸው።

«መስመሩ ተስተካክሏል አይደል? ኮሚቴውን ማዋረድ ምን ይጠቅማል? አንተም እኮ ኮሚቴው ውስጥ ነበርክ» አሉኝ።

ልክ ብለዋል፣ ነበርኩበት። ለአንድ ወር አፌን ያስዘጋኝም ይኸው ነው። ካባዬን ለብሼ፣ ሥጦታዬን ተቀብዬ በሰላም ልሂድ ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት ራሴ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም። በእናንተ የተንገሸገሽኩትን ያህል በራሴም ተንገሽግሻለሁ፤ እንዲያውም በራሴ ይብሳል፣ እኔ መክፈት የማውቅ ሰው ነበርኩ።

ሰኞ ሐምሌ አንድ የኤጄታ ዝውውር ዓመት ይሞላዋል። በደንባችን መሠረት በዚያ ቀን ቋሚ ይሆናል፣ በቦታውም ሌላ ሰው ይቀጠራል። ከሰኞ በኋላ ማንም ወደ ሥራው ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ትናንት ዓርብ አንድ ደብዳቤ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ከ2001 ጀምሮ ሳልለካ የፈረምኳቸው ፎርሞች በሙሉ ተዘርዝረዋል፣ የመሣሪያው ፋይል ተያይዟል፣ የኮሚቴው ውሳኔ በሐሰተኛ ልኬት ላይ የቆመ መሆኑን በስሜና በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። ግልባጩ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሄዷል። ኦቦ ፉፋ፣ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ ያገኙታል። ሊጠይቁኝ የሚፈልጉ ካሉ ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

አሁን ማንም አላጨበጨበም። ይሻላል።

እንግዲህ መርቄያችሁ ልሂድ። ዓይናችሁን ያብራላችሁ። ያላያችሁትን ከመፈረም እጃችሁን ይጠብቅላችሁ። ሲጠይቋችሁ የማትቆጡ ያድርጋችሁ። ልጆቻችሁ የወላጆቻቸውን ሥራ ሲያነሱ ቀና ብለው የሚያወሩ ይሁኑ። አናላይዘሩ ጭቃ ይንካው፣ ቦርሳው ይልፋ፣ ከሸነን መንገድ አይጥፋ። ወይዘሮ ሽታዬ፣ ለእርስዎም ጤናና ረጅም ዕድሜ፤ ኦቦ ፉፋ፣ ለእርስዎም ሰኞ ጠዋት ልብ ይስጥዎ።

ኤጄታን ቅድም ግባና አብረን እንብላ ስለው «ተረኛ ነኝ ጋሼ፣ በሩን ማን ይይዛል?» አለኝ። እስካሁን ምሳ አልበላም። በሩን እኔ እይዝለታለሁ፣ አሁን እየወጣሁ ነው። ሲገባ ወንበሬ ላይ አስቀምጡት፤ ምግቡንም አታንሱ።