የሙሽራው ደም

ከላሊበላ ወደ ፍላቂት በሚኒባስ ስሄድ፣ ከፊቴ አንድ ጋቢ የለበሱ አባትና አንዲት ሴት ተቀምጠው ያወጋሉ።

«ከሆስፒታል ወጡ አባቴ፤ ፊትዎ ግን የሰርግ ቤት ፊት ነው።»

«ልጄን ልድር ነዋ! ሊቀር ነበር እንጂ።»

«ምነው? ዘመድ ሆኑ?»

«ኧረ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል! የሙሽሪት እኅት በዘር የሚወርድ የደም በሽታ አለባት። ሐኪሙ ‹ሁለቱም በደማቸው ከያዙት ልጃቸው ሊታመም ይችላል፣ ይመርመሩ› አለ። ሙሽሪት ባያማትም በደሟ ተገኘ።»

«ሙሽራውስ?»

«አጨዳ ላይ ስለነበር እኔ ሄጄ ሰጠሁለት።»

«ደም?!»

«ሚስት የጠየቅሁለት እኔ፣ ዘር የቆጠርሁለት እኔ! ደሙስ የኔ አይደል?»

«ወይ አባቴ! ከዚያስ?»

«እኔም ላይ ተገኘ። በቃ ልጁም አለበት ብለን ሰርጉን ተውነው፣ ቤቱ ለቅሶ ሆነ። ኋላ ሐኪሙ ሲሰማ ‹አባት ለልጁ አይመረመርለትም፣ ራሱ ይምጣ!› ብሎ ተቆጣኝ።»

«መጣ?»

«መጣ። ዛሬ ውጤቱን ነገሩን፤ የኔ አልተላለፈበትም፣ ምንም የለበትም።»

«እሰይ! እልል በሉ!»

«ልጄ እኔን ባለመምሰሉ እግዜርን ሳመሰግን ገና የመጀመሪያዬ ነው።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ ሳቄን ልደብቅ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁት።