በልደቷ ማታ የጣለው በረዶ

ካዛንቺስ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛዋ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል።

"ማታ ስልክሽን ዘግተሽ አስጨነቅሽን" አለቻት ጓደኛዋ።

"ዝናብ ገብቶበት ነው የጠፋው።"

"ካፌው ግቢ ውስጥ በረዶው ድንገት ሲወርድብን፣ በቃ፣ ሁላችንም ወደ መኪናው ሮጥን። አንቺም የገባሽ መስሎን ነው።"

"አንቺ የረሳሽውን ጃኬት ላመጣ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ስወጣ መኪናው የለም።"

"ማለቴ፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር እኮ። ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ አይታይም።"

"ስንት ሆናችሁ ሄዳችሁ?"

"ከሹፌሩ ጋር አራት።"

"መኪናው አምስት ሰው ይይዛል። ባዶ ቦታ አላያችሁም?"

"ባዶ አልነበረም።"

"ማን ተቀምጦበት?"

"ኬኩ። በረዶው እንዳያበላሸው ብለን።"

"የልደቴ ኬክ።"

"የልደትሽ።"

"በላችሁት?"

"ትንሽ ነው የቀመስነው። ያንቺን ድርሻ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠንልሻል።"

"እኔ በዚያ በረዶ እስከ ቂርቆስ በእግሬ ስሄድ።"

"ይቅርታ አልኩሽ እኮ።"

"አላልሽኝም። ጃኬትሽ ይኸውና፤ ገና አልደረቀም።"

አጠገቤ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ፌስታል ቀስ ብዬ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት።