ዘጠኝ ፉርጎ ይበቃቸዋል

እንዴት አደርሽ ማንዳዬ? የጸጉርሽ አበባ ዛሬ እንዴት አምሮብሻል! እዚሁ ድልድዩ ሥር ነው የገዛሽው? ጎሽ። ዝናቡም አባራ፣ ሰማዩም ጠራ… ነይ፣ እዚህ ጫፍ ካለው አግዳሚ ላይ አረፍ እንበል። የሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃው ባቡር አሥር ደቂቃ ይዘገያል ብለዋል። አውቃለሁ፣ እዚህ ድረስ አይደርስም። አሥራ ሁለት ፉርጎ ሳለ የሴቶቹ ፉርጎ በር ልክ ከፊታችን ነበር የሚቆመው፤ ዘጠኝ ከሆነ ወዲህ ሲመጣ ሮጠን እንደርስበታለን። ሩጫ ለጤና ጥሩ ነው አሉ። ይኼን ያሰበልን ሰው… ዕድሜ ይስጠው።

ቀስ በይ፣ አትዙሪ! ከኋላችን ደብተር ይዞ የቆመ ጨዋ ሰው አለ፤ ሥራ እንዳናስፈታው። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

ፉርጎውን የቀነሰልን ሰውዬ እኮ ሊቅ ነው። ባቡር እንደ ቀሚስ በልክ መሰፋት አለበት የሚል ነው። ውሸት ነው እንዴ? ትርፍ ፉርጎ ባዶውን መጎተት ምን ይሠራል? ደግሞ እንደ ሌሎቹ አለቆች ቢሮ ተቀምጦ አልወሰነም፤ ራሱ ወርዶ፣ ራሱ ቆጥሮ ነው። መቼ ቆጠረ ነው ያልሽኝ?… በጋንፓቲ በዓል ዕለት።

ምን ያስቅሻል? የቆጠራ ቀን ረቡዕ ነው ተብሎ ተጽፎለታላ! በዓሉ ረቡዕ ላይ ቢውል የሱ ጥፋት ነው? ከተማው ሁሉ አምላኩን ጋንፓቲን ሊቀበል ቤቱ ቀርቶ፣ እኔና አንቺ የበዓሉን ጣፋጭ ሞዳክ ስንጠቀልል፣ እሱ በዓል አላለ፣ ጣፋጭ አላለ፣ ባዶ ወንበር ሲቆጥር ዋለ። እንዲህ ያለ ትጉህ ከየት ይገኛል? እኔ ብሆን ኖሮ ሞዳኬን ስበላ እውል ነበር… ማንንም ሳልጎዳ።

የባቡሩ አግዳሚ ለሦስት ሰው ነው ብሎም ጻፈ አሉ። አራተኛዋ በአንድ ጎኗ ተንጠልጥላ እንደምትሄድ ማን ይንገረው? «ትንሽ ጠጋ በይልኝ እህቴ» ሲባል የት ሰምቶ? በቢሮ መኪና ጠጋ በል የሚል የለ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሙምባይ ስመላለስ አራተኛ ነኝ፤ ግራ ጎኔ መቀመጫ የሚባል ነገር አያውቅም። አሁን ግን አራተኛነትም ሹመት ሆነ። ትናንት በአንድ እግሬ ቆሜ ነው የሄድኩት፤ ሌላውን የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? እሱ ደግሞ ሃምሳ ሰው ለአንድ በር ጌጡ ነው ብሎ ተፈላሰፈ። እናቴ «የተማረ ይግደለኝ» ትል ነበር… ይኸው፣ እሺ ብሎናል።

እኔ እንኳ ብዙም አልተጎዳሁ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ አለቃችን ሦስት ቀን ያረፈደች በአራተኛው አትምጣ ብላ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች። ሁለቱን ጨርሻለሁ፤ ሁለቱንም ቀን በሩ ሞልቶ ባቡሩ ጥሎኝ ሄዶ ነው። ባሌ ታሞ ከተኛ ወዲህ ቤቱ የሚያድረው በዚችው ሥራ ነው። ዛሬን ብቻ ልግባ… ሌላ አልጠይቅም።

ተመልከቺ፣ ያ ከኋላችን ያለው ይጽፋል። ምን ይጽፍ ይሆን? ሕዝቡ ሁሉ ባቡሩ በሚደርስበት በወዲያኛው ጫፍ ታጭቋል። እሱ ባቡር በማይደርስበት ቆሞ «መንገደኛ፣ ሁለት ሴት» እያለ ይሆናል። ምን ያድርግ፣ ጥላው ያለው እዚህ ነዋ! ግንባሩን ጠረገ? ጥላ ውስጥ ሆኖ ያልበዋል እንዴ?… ምስኪን።

መጣ! ሩጪ ማንዳ! ጫማሽን አውልቂው! እህቶች፣ በእናታችሁ፣ ትንሽ ጠጋ… አንድ እግር ብቻ… ኧረ አንድ እግር!…

…ሄደ።

ተይ፣ አታልቅሺ። አበባሽ በሩ ላይ ተሰክቶ ሄደ አይደል? እሱ እንኳ ይሳፈር። የኔም ሦስተኛዋ ሞላች። ከነገ ጀምሮ እንግዲህ ከመንገደኛው አንድ ሰው ይቀነሳል። አየሽ? ቆጠራው ትክክል እየሆነ መጣ።

ደብተሩን ይዞ ወደኛ እየመጣ ነው? ይምጣ፣ እኔ ምን ክፉ ተናገርኩ? የምልሽ ሰው እኮ ጎረቤታችን ነው። ሚስቱ የሴት ልጃቸውን የሠርግ ጥሪ ከነጣፋጩ ትናንት በየቤታችን አድላ የለ? እኔ ቂም አልይዝም፤ ከልቤ ነው የምመርቀው። አምላክ ልጁን ይባርክለት። አዳራሹ እንደ ሁለት ሰዓት ከአራቱ ባቡር እስከ በሩ ጢም ይበልለት። የሙሽራው ወገን ከነአያት ከነአክስቱ፣ አንድም ሳይቀር ይምጣለት። ወንበሩን ደግሞ… በዚችው ደብተሩ ራሱ ይቁጠረው። አሜን በይ እንጂ ማንዳዬ!