ጫፉ ወደ ታች የሆነው ካርድ

አምና በፈተና አንደኛ የወጣሁበትን የኃላፊነት ቦታ ለሌላ ሰጥተውብኛል፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ዘንድሮ ያው ቦታ እንደገና ማስታወቂያ ወጣበት። ልመዝገብ፣ አልመዝገብ ስል የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ባሮ ወንዝ ዳር ማንጎ ሥር ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሲስተር ማርታ ዕድል የምታነብበትን የታሮት ካርድ ዘረጋችልኝ። ሥዕል የበዛበት ዓይነት አይደለም። የሳብኩት ነጭ ካርድ ላይ ያለችው አንዲት ጫፏ የሾለ ጥቁር መስመር ብቻ ናት። ማርታ ስታያት ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ፍትሕ ነው። መስመሯ ሰይፍ ናት፤ ግን ተገልብጣ ጫፏ ወደ ታች ሆነብህ። ኦኬሎ፣ ዘንድሮም ፍትሕ አታገኝም፤ ይቅርብህ።»

ሳቄ መጣ። «ሲስተር፣ እኔ የአኙዋ ልጅ ነኝ። ለእኔ ይሄ የዓሣ መውጊያ ጦር ነው። ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ ሰውየው ጦሩን ተሸክሞ እየሄደ ነው። ወደ ታች ሲያዞረው ግን ዓሣው ታይቶታል ማለት ነው።»

«የካርዱ መጽሐፍ እንደዚያ አይልም!»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ባሮን አያውቅም» አልኳትና ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?»

«ልመዝገብ ነዋ! አሁንም ከከለከሉኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ ይከልክሉኝ።»