የሃና በግ

— ሄሎ? … ማን ልበል? … ደሞዜ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። የልጁን ቀለብ ያስቀረ ሰው ስልኩ ይሠራል አላልኩም ነበር።

— ልጄ ትዝታ ሥራ ናት። ለኔ ንገረኝ፣ እናቷ አይደለሁ? … ልጅህ ሃናማ ደህና ናት፣ አጠገቤ ታጠናለች። … አይ፣ አላገናኝህም። መጀመሪያ ጉዳይህን።

— ምን? በብሩ ፈንታ በግ? … (ሃናዬ፣ አንቺ ጆሮሽን ወደ ደብተርሽ!) … ቀጥል፣ እሰማሃለሁ። እርጉዝ ናት? … ግልገሏም የሃና? የግልገሏም ግልገል? … ኧረ ባክህ! ባንድ ጀምበር ባለ መንጋ አደረግኻትሳ!

— ድንቹ መበላሸቱንስ ሰምቻለሁ፣ አዝኛለሁ። ግን በጓ የት ነው የምታድረው? … እናንተው ዘንድ? አሃ! «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ። እናንተ ያላችሁበት ጉና ተራራም ያው ለሰማይ የቀረበ ነው።

— አትሳቅ! ጆሮዋ የተቆረጠው በማን ምልክት ነው? … በእናትህ? ታዲያ ከእናትህ መንጋ መሃል የሃናን በምን ልለያት? የሞተችው ሁሉ የሃና፣ የወለደችው ሁሉ የእናትህ ልትሆን!

— ምን አልክ? … ሃና ራሷ መጥታ በጓን ትያት? ክረምቱንም እዚያው ትክረም?

— አሁን ገባኝ፣ ደሞዜ። አንተ የምትሰጠን በግ ሳይሆን ገመድ ነው። ባንዱ ጫፍ በጓ፣ ባንዱ ጫፍ ልጅቱ። አንዴ ጉና ከሳብካት ማን ይመልስልኛል?

— አትማል! ዋስ ጥራ። … እናትህን? እዚያው ናት? ስጠኝ እስቲ።

— ሄሎ፣ ዘነበች? እንደምን ሰነበትሽ፣ ከብቱስ፣ ቤቱስ? … እሰይ። … ታለቅሻለሽ እንዴ? … ሃናም ስላንቺ ትጠይቃለች፣ ምን ቀን አለ ሳትጠይቅ።

— ስሚኝ፣ ስለ እርጉዟ በግ … የቷ? ግራ ጆሮዋ ላይ ሌላ ምልክት ያለባት? … አንቺው ነሽ የጨመርሽው? የሃና እንድትሆን? … አምና በጥምቀት! … ታዲያ ለምን አልነገርሽውም? … ይሸጣታል ብለሽ! አንቺም እንደኔው ታምኚዋለሽ ማለት ነው!

— ቆይ፣ ቆይ። ለካ የልጅቱን በግ ነው መልሶ ለልጅቱ ሊከፍላት ያሰበው! … አይ ደሞዜ፣ ግራ ጆሮዋንም አላየ!

— በይ ዘነቡ፣ በጓን አንቺው ይዘሻት ነይ። ደጄ ላይ ሣር አይጠፋም። ልጅቱንም አቅፈሻት ታድሪያለሽ፤ እሷ ግን ከዚህ ንቅንቅ አትልም። … አሜን፣ አሜን። ለሱ መልሺልኝ።

— ሄሎ፣ ደሞዜ? የሃናን በግ ሃና ተቀብላለች። አሁን ያንተን ቀለብ ንገረኝ። … ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ሄሎ?

— ዘጋው።

— (ምንም አይደል፣ ሃኑዬ። አባትሽ ሊያናግርሽ ሲል ኔትወርኩ ጠፋበት።)