ምልክት የሌላት ግመል

በ1996 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በአንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ አፍደም ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን ባቡር እጠብቅ ነበር። ሥራዬ ከየጉድጓዱ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳሁ፣ ቁጥር እየለጠፍኩ፣ ጅጅጋ ላለው መርማሪ ማድረስ ነው። በዚያን ቀን ዘጠኝ ጠርሙስ የያዘ ሳጥን አጠገቤ ነበረ። ባቡሩ በሦስት ሰዓት ይደርሳል ተብሎ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ የጣቢያው ሠራተኛ ግን «እየመጣ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም።

በአግዳሚው ወንበር በሌላኛው ጫፍ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፖስታ በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ቀስ ብለው ይከራከራሉ። ጥቂት ቆይታ ወደ እኔ ዞረችና «አደር፣ ጅጅጋ ይሄዳሉ?» አለችኝ። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ጅጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ ከዘመድ ጥሪ እኩል ይሰማኛል። እሄዳለሁ አልኳት።

«ካልፈቀድኩ የምትሰጥህን እንዳትቀበላት» አሉ ሽማግሌው በጥሩ አማርኛ። «ይህቺ ልጅ ግመሌን ያለ ምልክት በረሃ ልትለቅብኝ ነው።»

ግመል ፍለጋ ዙሪያዬን ስቃኝ ልጅቱ ሳቋን ዋጠች። ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ስሟ ሂንዳ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሽማግሌው የአባቷ አባት አቶ ዲሪዬ ሲሆኑ፣ ሠላሳ ዓመት የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ሆነው ሠርተዋል፤ አማርኛውንም ከዚያ ነው ያመጡት። ጅጅጋ ላይ በክልሉ ላሉ ተማሪዎች የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ወጥቷል። ሂንዳ በሶማሊኛ አራት ገጽ ጽፋለች። ጽሑፉ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ አይቀበሉትም፤ የአሳዳጊ ፈቃድ ከሌለበትም እንደዚያው። አባቷ ማሃድ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ ጭነት ያስተላልፋል፤ ዘንድሮ የሚመጣው ለበዓል ነው። ስለዚህ ፈቃጁ አያቷ ናቸው። የፈቃዱ ወረቀት አሁን ሳይፈረምበት በሽማግሌው የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው።

ሽማግሌውን ያስቆጣቸው ልጅቱ መጻፏ አልነበረም፤ የውድድሩ ሕግ ነው። ሕጉ በጽሑፉ ላይ የጸሐፊው ስም እንዳይኖር ያዛል። ስሙና ፈቃዱ በትንሹ ፖስታ ይታሸጋሉ፤ ከውጭ ቁጥር ብቻ ይሰፍራል፤ ትንሹ ፖስታ የሚከፈተው ዳኞች ከፈረዱ በኋላ ነው።

አቶ ዲሪዬ ግጥም ተሸካሚ ናቸው። በሶማሌ ዘንድ ግጥም የሚደረድር ሰው አለ፣ ያንን ግጥም በቃሉ ይዞ ከውሃ ውሃ የሚያደርስ ሌላ ሰው አለ። ተሸካሚው አፉን ሲከፍት መጀመሪያ «ይህን ያለው እገሌ የእገሌ ልጅ ነው» ማለት አለበት። ያን ያልተናገረ ሌባ ይባላል፤ ዳግመኛም የሚያደምጠው አያገኝም።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ትመስላለህ» አሉኝ። «ግመል እንኳ ምልክቷ ካልተተኮሰባት ያገኛት ሁሉ ይነዳታል። ስም የሌለው ቃል ደግሞ ምንድን ነው? ወይ የሌባ ነው ወይ የፈሪ ነው። ከቤቴ ሌባም ፈሪም አልወጣም።»

ተጨማሪ ስጋት እንዳላቸውም አልደበቁም። ሂንዳ እሳቸው ግጥም ሲሉ እየሰማች ነው ያደገችው። ከሰማችው ቀንጭባ፣ ባለቤቱን ሳትጠራ ጽፋ እንደሆነስ? ያን ጊዜ ስሙ የሚጠፋው የእሳቸው ነው። ታዲያ ጽሑፉን ለምን ሰምተው አያረጋግጡም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወረቀት ይዞ የሚናገር ሰው ሊረሳው ያሰበ ሰው ነው» አሉ። «እኔ እንደዚያ ያለ ነገር አላዳምጥም።»

«ሦስት ሳምንት ለምኛቸዋለሁ» አለች ሂንዳ። «ወረቀቱን ሲያዩ ለሶላት ይነሳሉ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አዎዌ የሰገዱትን ያህል ሼኹም አልሰገዱም።» አዎዌ የምትለው አያቷን ነው። ሽማግሌው ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁት።

በሰው ቤተሰብ ጉዳይ መግባት ልማዴ አይደለም። ነገር ግን ባቡር ጥበቃ ሰውን ያቀራርባልና፣ ባቡሩ እስኪመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሟት ብዬ ለመንኳቸው፤ ከሰሙ በኋላ እንቢ ቢሉ ከማንም ምንም እንደማልቀበልም ቃል ገባሁ።  ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ሂንዳ አነበበች። ታሪኩ ስለ አንዲት ዓይነ ስውር ግመል ነው፤ በድርቅ ጊዜ መንጋው ሲበተን፣ በእናቷ አንገት ታስሮ የነበረውን የእንጨት ቃጭል ድምፅ እያስታወሰች የጥንቱን ጉድጓድ ትፈልጋለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ረጋ። አጠገባችን ሻይ ትሸጥ የነበረችው ሴት ብርጭቆ ማጠቧን ተወች። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሲመለስ «ቃጭሉ ዝም ሲል ውሃው ተሰማ» የሚል ነበር።

አቶ ዲሪዬ ዓይናቸውን አልገለጡም። «ወረቀቱን ለእሱ ስጪው» አሉ። ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ታሪኩን ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው በቃላቸው ይሉት ጀመር።

እኔ የለካሁትን እንጂ የገመትኩትን አልጽፍም። እርሳሴን አውጥቼ እያንዳንዱን መስመር ከአፋቸው ጋር ተከተልኩ። ጽሑፉ በኋላ ስቆጥረው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቃል ነው። ሽማግሌው የሰሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድም መስመር አልዘለሉም፤ የአንዱንም ቦታ ከሌላው አልለወጡም። የተለየ ቃል ያገኘሁት በስድስት ቦታ ሲሆን፣ አምስቱ ትርጉም የማይለውጡ ናቸው። በላብራቶሪ ያየሁት የትኛውም መሣሪያ እንዲህ አስደንቆኝ አያውቅም። 

ጨረሱ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ሃምሳ ዓመት የሰው ቃል ተሸክሜያለሁ» አሉ። «እያልኩት ሳለሁ ባለቤቱን ስፈልግ ነበር። ይህን እገሌ ብሎታል የምለው አንድም ቦታ አላገኘሁም። ሁሉም የእሷ ነው።»

ሂንዳ መሬት መሬት አየች።  ስድስተኛውን ልዩነት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ «ግመሏ ቆመች» ብላ የጻፈችውን ሽማግሌው «ግመሏ አዳመጠች» ብለውታል። የሳቸው ይበልጣል። ሂንዳም ወዲያው ገብቷት እርሳሴን ለመነችኝ።

«ተዪው» አሉ አያቷ። «ያ ቃል የእኔ ነው፤ ምላሴን አዳልጦት ነው። ስሜ ሳይጠራ እዚያ አይገባም። አንቺ በቆመችው ግመልሽ ሂጂ።»

ይህን ስሰማ የሽማግሌው እምነት እንቅፋት ሳይሆን ለውድድሩ ትልቅ ጥበቃ መሆኑን ተረዳሁ። ብዙ የተማሩ ሰዎች የሌላውን ቃል ያለ ሐፍረት ሲወስዱ አይቻለሁ።

ፈቃዱ ግን ገና ከኪስ አልወጣም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳጥኔ ላይ ጣሉና «እነዚህስ የማን ናቸው?» አሉ። ከዘጠኝ ጉድጓዶች የተቀዳ ውሃ ነው አልኳቸው። በጠርሙሶቹ ላይ ከቁጥር በቀር ምንም እንደሌለ አይተው ምክንያቱን ጠየቁኝ።

«መርማሪውም ሰው ነው» አልኳቸው። «የዘመዱ ጉድጓድ መሆኑን ካወቀ ዓይኑ ይራራል፤ የተቀያየመው ሰው ጉድጓድ ከሆነ ዓይኑ ይጨክናል። ካላወቀ የሚያየው ውሃውን ብቻ ነው። ስሞቹ በእኔ መዝገብ ውስጥ አሉ፤ ከተመረመረ በኋላ ይከፈታል።»

«ስለዚህ ስሙ አይጠፋም።»

«ይቆያል እንጂ አይጠፋም።»

 ከዚያ ለልጅ ልጃቸው እንኳ ነግረው የማያውቁትን ነገሩን። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳሉ፣ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ሁለት ወገኖች ለዕርቅ ተሰብስበው ነበር። እሳቸው ሌሊት የደረደሩትን የዕርቅ ግጥም ይዘው ተነሱ። ገና ሁለት መስመር ሳይሉ አንድ ትልቅ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» አላቸው። ስማቸውን እስከ አያት ቅድመ አያት ቆጠሩ። ወገናቸው ጥቂት ነበረና ሰዎቹ ፊታቸውን አዙረው ወሬ ያዙ። ግጥሙን ያደመጠው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲሪዬ የራሳቸውን ቃል ትተው የሌላውን ተሸካሚ ሆኑ።

«ስሜን ነው የመዘኑት» አሉ። «ቃሌን አልነኩትም።»

ሂንዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያም የቀረውን ጥያቄ ጠየቋት፤ ተሸንፋ ብትመለስ የቤታቸው ክብር ምን ይሆናል?

«አዎዌ፣ የተሸነፈ ፖስታ አይከፈትም» አለች። «ብሸነፍ የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን። ዘንድሮ ያቃተኝን ለከርሞ አስተካክላለሁ። ባልልከው ግን የተሸነፍኩት ማንም ሳይመዝነኝ ነው፤ ልክ እንደ እርስዎ።»

የመጨረሻው ቃል ከባድ ነበር፤ ደነገጥኩ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ከቦርሳዬ የማህተም ቀለም አውጥቼ ሰጠኋቸውና አውራ ጣታቸውን አተሙ። ስም በሚሞላበት ቦታ ሂንዳ የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ጽፋ ልታቆም ስትል «ቀጥዪ» አሏት። ቅጹ የሚጠይቀው ሦስት ስም ብቻ መሆኑን አስረዳኋቸው።

«ያለ ስም ይመዘን ብዬ ተስማምቻለሁ» አሉ። «ከተመዘነ በኋላ ግን ስሙ በሙሉ ይጠራ። ቅጹ ከጠበበ ጥፋቱ የቅጹ ነው።»

አሥራ አራት ስም ቆጠሩ። ሂንዳ ወደ ወረቀቱ ጀርባ ተሻገረች። የመጨረሻውን ስትጽፍ ባቡሩ ጮኸ።

ረቡዕ ማታ ጅጅጋ ገባሁ። ሐሙስ ጠዋት ጠርሙሶቼን ካስረከብኩ በኋላ ፖስታዎቹን ለውድድሩ ቢሮ ሰጠሁ፤ የተሰጣቸው ቁጥር ሠላሳ አንድ ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ ውጤቱ በአንድ አዳራሽ ተነገረ። እኔም ሄድኩ። አቶ ዲሪዬና ሂንዳ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው ጅጅጋን ካዩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዳኞቹ አንዷ ሶሲና የምትባል መምህርት ስለ ቁጥር ሠላሳ አንድ ሁለት ቀን እንደተከራከሩ ተናገረች። አንዱ ዳኛ ጸሐፊው ግመል ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ነው፣ ተማሪ አይደለም ብሎ ነበር፤ ሌላው የከተማ መምህር ልጅ መሆን አለበት ብሎ ነበር። ከአፍደም የመጣች ሴት ልጅ ትሆናለች ያለ አልነበረም። የሰጧት ሁለተኛ ደረጃ ነው።

ትንሹ ፖስታ ተከፈተ። አስተዋዋቂው «ሂንዳ ማሃድ ዲሪዬ» ብሎ ትንፋሹን ሊሰበስብ ሲል ወረቀቱ እንዳላለቀ አየ። «አብሽር፣ ባሬ…» እያለ ቀጠለ። በስድስተኛው ስም ላይ ተማሪዎች ሳቁ። ወረቀቱን ሲገለብጥ ሳቁ ቆመ። ወደ አሥረኛው ሲደርስ ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ስሞቹን ከሥር ከሥሩ ይደግሙ ነበር። አሥራ አራተኛው ሲጠራ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ሲንቋቋ ይሰማኝ ነበር። አቶ ዲሪዬ ግን በትራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ እንባቸው ቀይ ጢማቸው ውስጥ ይገባ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅን በእንዲህ ያለ ውድድር ማስገባት የሚጠቅመው ለሽልማት ነው ብለህ እንዳትወስደው። ለሂንዳ የደረሳት አንድ መዝገበ ቃላትና አንድ ቦርሳ ነው። ትርፉ ሌላ ነው። ልጅ ሥራውን በቀኑ መጨረስን ይማራል። የማያውቀው ሰው እንዲገባው አድርጎ መጻፍን ይማራል። ከሁሉም በላይ የማን ልጅ መሆኑ ሳይጠየቅ አንድ ጊዜ በሕይወቱ ይመዘናል፤ ይህን ያየ ልጅ ነገ ዳኛ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን፣ ውሃ መርማሪ ቢሆን ሰውን እንዴት እንደሚመዝን ያውቃል።

በዓመቱ ለሥራ ወደ አፍደም ስመለስ ከጣቢያው ጀርባ ካለው ግራር ሥር አምስት ልጆች አገኘሁ። አቶ ዲሪዬ ዓይናቸውን ጨፍነው የየልጁን ጽሑፍ ያዳምጣሉ። ኒምኮ የምትባል ልጅ ካነበበችው ውስጥ ሁለቱ መስመሮች የማን እንደሆኑ ነገሯት፤ የባለቤቱን ስም ሦስት ጊዜ አስጠሯትና የራሷን ይዛ እንድትመጣ ሰደዷት።

ልጆቹ ሲበተኑ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ወረቀትና እርሳስ እንዳወጣ ጠየቁኝ። ሃምሳ ዓመት ያልተነገረውን የዕርቅ ግጥም መስመር በመስመር ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ጅጅጋ ወስጄ ግጥም ለሚያውቅ፣ እሳቸውን ግን ለማያውቅ ሰው እንዳነብለት፣ የሚለውንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድነግራቸው አደራ አሉኝ። እንደ ልማዴ ከላይ የባለቤቱን ስም ልጽፍ እርሳሴን አነሳሁ።

ሽማግሌው እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ።

«ቁጥር ጻፍበት» አሉ።